እማዬ «የጣሊያኑን ላሊበላ» ካላየሁ ብላለች፤ ማቴራ ሄዳችሁ የምታውቁ?

የቦሎኛዋ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖች። ቦሎኛ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ከሮም ወደ ደቡብ ግን አንድ ቀን ወርጄ አላውቅም። አሁን ጉድ ፈላ።

እማዬ በሰኔ አጋማሽ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ሃያ አምስት ቀን ትቆያለች። እኔ ሮምን፣ ቬኒስን፣ ፊሬንዜን እያሰብኩ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ግን በስልኩ የማቴራን ፎቶ አሳያትና «ይቺ የጣሊያን ላሊበላ ናት» ብሏት አረፈው። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ወሬዋ እሱ ሆነ። «ድንጋይ ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል አሉ፤ ማን አስተማራቸው?» ትለኛለች። ላሊበላን ለገና ሁለቴ ሄዳ ተሳልማለች። ሮም ስላት ዝም ትላለች።

ችግሩ ይሄ ነው። እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷን ያማታል። ዳገቱን እንደምንም ትወጣዋለች፤ ቁልቁለቱ ነው የሚገድላት። ፎቶው ላይ ደግሞ የማየው ሁሉ ደረጃ ነው። የሰኔን ጾም ትጾማለች፤ ዓሣም አትቀምስም። አብራኝ የምትሠራ ጣሊያናዊት «እዚያ ድረስ ሄደሽ ድንጋይ ልታሳያት? ባሕር ውሰጃት» አለችኝ።

መንገዱ እንዴት ነው? ምን ትበላለች? ደግሞ በሐቅ ንገሩኝ። ላሊበላን ያየ ሰው እዚያ ሄዶ «ለዚች ነው እንዴ?» ይላል ወይስ ደስ ይለዋል?

የባሪ ተማሪ፦

እህት፣ ባሪ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። መንገዱን እኔ ልንገርሽ፣ ሌላውን የሚያውቅ ይመጣል።

ከቦሎኛ ባሪ በፈጣኑ ባቡር ስድስት ሰዓት ያህል ነው። መስመሩ የአድሪያቲክን ባሕር ተከትሎ ይወርዳል። በግራ በኩል መስኮት ያዢላቸው፤ ባሕሩን ያገኙታል፣ የሥራ ባልደረባሽም አፏን ትይዛለች። ማቴራ ላይ ግን የመንግሥቱ ዋና ባቡር አይገባም። ከባሪ ሌላ ትንሽ ባቡር አለች፤ ፌሮቪዬ አፑሎ ሉካኔ ይሏታል። መነሻዋ ከዋናው ጣቢያ አጠገብ ነው፣ በሩ ግን ለብቻ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ከምናምን ትወስዳለች። እኔ በነበርኩ ጊዜ እሑድ እሑድ ባቡሯ አትሠራም ነበር፤ በምትኩ አውቶቡስ ነበር። ስለዚህ እሑድን ተዪው።

አንድ ነገር። እኔ በሄድኩ ጊዜ ባቡሩ አልታሙራ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ወደ ማቴራ፣ ግማሹ ወደ ግራቪና። እኔ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ግራቪና ገባሁ። ግራቪናም ገደል አላት፣ ዋሻ አላት። ማቴራ የደረስኩ መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፎቶ ሳነሳ ቆየሁ። ስትሳፈሪ የትኛው ፉርጎ ማቴራ እንደሚገባ ጠይቂ።

እናትሽን በአንድ ቀን አታድርሻቸው፤ ይደክማሉ። ባሪ እደሩ። አሮጌው ከተማ ውስጥ የቅዱስ ኒቆላዎስ ባዚሊካ አለ። ዐፅሙ በፈረንጆቹ 1087 ከሚራ፣ ከዛሬዋ ቱርክ፣ የመጣ ነው። ከምድር በታች ባለው ክፍል፣ መቃብሩ ፊት፣ ኦርቶዶክሶችም መጥተው ይጸልያሉ። ሻማ ይዘው መግባት ከፈለጉ እዚያ ነው የሚያምርባቸው።

ቆብ አልባው፦

«የጣሊያን ላሊበላ» የሚሉት ነገር ደሜን ያፈላዋል።

ላሊበላ ላይ አለቱን ከላይ ወደ ታች ጠርበው፣ ዙሪያውን ቆፍረው፣ ቤቱን ለብቻው አቁመውታል። ቤተ ጊዮርጊስን በአራቱም ማዕዘን ትዞሪዋለሽ። ማቴራ ዋሻ ነው። ገደሉን ከፊት ለፊቱ ይዘው ወደ ውስጥ ነው የፈለፈሉት። ድንጋዩም ለስላሳ ነው፤ እነሱ ቱፎ ይሉታል፣ በጥፍርሽ ብትፍቂው ዱቄቱ ይወጣል። ከተማዋንና አካባቢዋን ጨምሮ 150 ያህል የዋሻ አብያተ ክርስቲያናት አሉ ይባላል። እንደ ማቴራ ካየሻቸው ድንቅ ናቸው። እንደ ላሊበላ ካየሻቸው ግን ቅር ይልሻል።

ሌላው፣ አብዛኞቹ አሁን የሚጎበኙ ብቻ ናቸው። በር ላይ ትኬት ይቆረጣል። ካህን የለም፣ ዕጣን የለም፣ ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው። እኔ አንዱ ጋ ገብቼ ከልማዴ ግድግዳውን ልሳለም ጠጋ ስል ጠባቂዋ ልጅ «አትንካ!» ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው፤ ሥዕሉ ስንት መቶ ዓመት የሰው ትንፋሽ ችሎ የቆየ ነው። ግን እጄን የት ላድርሰው? እናትሽን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው እንዳይቆሙ።

ባዳንቴዋ፦

የኔ እህት፣ እኔ ማቴራ አራት ዓመት ከመንፈቅ ኖሬያለሁ። ባዳንቴ፣ ማለትም የአረጋውያን ጧሪ፣ ነበርኩ። ለቱሪስት የሚነገረውን ብዙም አላውቅ፤ የማውቀው አብዛኛው ከምጦራቸው አሮጊት፣ ከሲኞራዬ፣ አፍ የሰማሁት ነው። ነፍሳቸውን ይማርና በ87 ዓመታቸው ነው ያረፉት።

ሲኞራዬ የተወለዱት ዋሻ ውስጥ ነው። ሳሲ ማለት ድንጋዮች ማለት ነው። ሁለት ሰፈር ናቸው፤ ሳሶ ባሪዛኖና ሳሶ ካቬዮዞ። መሐላቸው ላይ ካቴድራሉ የቆመበት ቺቪታ የሚሉት ኮረብታ አለ። የእሳቸው ቤት ካቬዮዞ ነበር። አንድ ክፍል። ዘጠኝ ነፍስ ያድርበታል። አልጋው እንደ ቆጥ ከፍ ያለ ነው፤ ከእርጥበቱ ለመራቅ፣ ደግሞም ዶሮዎቹ ከሥሩ እንዲያድሩ። ፍራሹ የተሞላው በበቆሎ ገለባ ነው። ጨቅላ ልጅ የሚተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ከኋላ፣ ዋሻው ጠበብ የሚልበት ጋ፣ በቅሎዋ ቆማለች። «ማሞቂያችን እሷ ነበረች» ይሉኝ ነበር። እኔም መንዝ አያቴ ቤት ጋጣው ከቤቱ ውስጥ እንደነበር ነገርኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «ታዲያ አንቺም የሳሲ ልጅ ነሽ» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያበሰልኩትን አይበሉም ነበር። ከዚያ በኋላ ሹካውን አነሱ።

መንግሥት በፈረንጆቹ 1952 ሕግ አወጣና ሰዉን ከሳሲ ማስወጣት ጀመረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አልቺዴ ደ ጋስፔሪ ነበር። ወባ ነበር፣ ሕፃናት ይሞቱ ነበር፤ «የአገር ውርደት» ተባለ። ከ15 ሺህ የሚበልጥ ሰው ወጥቶ ላይኛው ከተማ አዲስ በተሠሩ ሰፈሮች ገባ። ሲኞራዬ አዲሱ ቤት ሲገቡ ቧንቧ ከፍተው ውኃው እስኪቀዘቅዝባቸው ቆመው አዩት። በማግሥቱ ግን አለቀሱ። «ጎረቤት የለም፣ በር ብቻ ነው» አሉ። ሳሲ ውስጥ ብዙ ቤቶች አንድ ግቢ ይጋሩ ነበር፤ ቪቺናቶ ይሉታል። ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት፣ ልብስ ሲታጠብ እዚያው ነው። ለአበሻ ይሄንን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሳሲ ከዚያ ባዶውን ቀረ። በ1986 ሌላ ሕግ ወጥቶ ማደስ ተጀመረ። በ1993 ዩኔስኮ መዘገበው። በ2019 ማቴራ የአውሮፓ የባህል መዲና ተባለች። ውርደት የተባለው ዋሻ አሁን ሆቴል ሆኗል። አንድ ቀን ሲኞራዬን ደግፌ የተወለዱበትን ቤት ልናይ ወረድን። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረው ልጅ ሰው ያውቃል፣ አስገባን። የበቅሎዋ ግርግም የነበረበት ላይ ነጭ መታጠቢያ ገንዳ ተቀምጧል። ሲኞራዬ «ማደሪያው ስንት ነው?» አሉት። ነገራቸው። ዝም ብለው ቆዩና «በቅሎዋም ትከፍላለች?» አሉ። ልጁ እስኪያነባ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ግድግዳውን እየዳሰሱ የሆነ ነገር ይፈልጉ ነበር። ማሾ የሚሰቀልበትን ጉድጓድ ኖሯል። አገኙት።

አሁን ስለ ጉልበቱ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳሲን በእግር ሙሉውን ማዞር አይሞከርም። ደረጃው እኩል አይደለም፣ ድንጋዩም ተልጎ ያንሸራትታል፤ ጠዋት ጤዛ ካለማ አይነሳም። ግን መላ አለው። ላይኛው ከተማ ሜዳ ነው። ከቪቶሪዮ ቬኔቶ አደባባይ ተነስታችሁ፣ በሳን ፍራንቼስኮ በኩል፣ እስከ ፒያሴታ ፓስኮሊ ድረስ ሳትወርዱ ትሄዳላችሁ። እዚያ መጨረሻው ላይ ሳሶ ካቬዮዞ በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ነው። በ2004 በወጣው የጌታ ሕማማት ፊልም ላይ እንደ ኢየሩሳሌም ሆኖ የሚታየው አገር ይሄው ነው። እናትሽ ፊልሙን ካዩት ቦታውን አይተው ማማተባቸው አይቀርም።

ለመውረድ ባጃጅ ያዢላቸው። አዎ፣ ባጃጅ! አፔ ይሏታል፤ የእኛዋ ታላቅ እህት ናት። ቱሪስት ጭና ሳሲ ውስጥ ትዞራለች። ሳን ፒዬትሮ ካቬዮዞ አደባባይ ድረስ መኪና መንገድ ስላለ እዚያ ታወርዳችኋለች። ዋጋውን ሳትነሱ ተነጋገሩ። ከአደባባዩ ራቅ ሳይል ቪኮ ሶሊታሪዮ ላይ ካዛ ግሮታ የሚባል ቤት አለ። ያ የነገርኩሽ አልጋ፣ ዶሮው፣ በቅሎዋ፣ ሁሉም እንደ ጥንቱ ተሰድሮ ይታያል። ሳንታ ሉቺያ አሌ ማልቬም ቅርብ ናት። ድሮ የሴቶች ገዳም ነበረች፤ ኋላ ከፊሏ መኖሪያ ቤት ሆነ። ግድግዳዋ ላይ እመቤታችን ልጇን ጡት ስታጠባ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ቆብ አልባው እንዳለው አትንኩ፤ እናትሽ ግን ቆመው ሊጸልዩ ይችላሉ፣ ለዚህ የሚጮህባቸው የለም። በየዓመቱ ዲሴምበር 13 ዛሬም ይቀደስባታል።

ኢድሪስ የምትባለው ቤተ ክርስቲያን ከአደባባዩ በላይ አለቱ አናት ላይ ናት። ደረጃ ነው። ከታች ቆመው ይዩዋት፣ ይበቃል።

ሌላ እንዳያመልጣችሁ የምለው የውኃው ጉድጓድ ነው። ፓሎምባሮ ሉንጎ። ቪቶሪዮ ቬኔቶ አደባባይ ላይ ሰው ቡና ይጠጣል፣ ከሥሩ ግን በሰው እጅ የተቦረቦረ ግዙፍ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ። አምስት ሚሊዮን ሊትር ይይዛል። የዝናቡንና የምንጩን ውኃ እዚያ ያጠራቅሙ ነበር። ግድግዳውን በኖራና በተፈጨ ሸክላ ለስነውታል፣ ጠብታ አያሳልፍም። ቧንቧ ሲመጣ ተረስቶ ቆይቶ በ1991 ነው እንደገና የተገኘው። ውኃው የቆመበት ልክ ግድግዳው ላይ መስመር ሠርቷል። ላሊበላን ያየ ሰው «ማን ቆፈረው?» የሚለው እዚህ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ አይደለም። የብረት ደረጃ አለው፣ መደገፊያ ግን አለው። ቀስ ብላችሁ ውረዱ።

ስለ ጾሙ ሐሳብ አይግባሽ። ፋቬ ኤ ቺኮሪያ በይ። ባቄላ ተቀቅሎ እንደ ገንፎ ይላቆጣል፣ ከጎኑ ቺኮሪያ የሚሉት መረር ያለ ቅጠል ተቀቅሎ በወይራ ዘይት ይቀርባል። ከላዩ ፔፔሮኒ ክሩስኪ፤ ደርቆ በዘይት ብልጭ ያለ በርበሬ ነው፣ አያቃጥልም፣ ጥርስ ላይ ኩርሽም ይላል። አይብ እንዳይነሰንሱበት ብቻ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ዳቦው የዱረም ስንዴ ነው፤ ወተትም እንቁላልም የለበትም።

ስለ ዳቦው ካነሳሁ አይቀር። ሲኞራዬ ኩሽና ውስጥ መሳቢያ አላቸው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለበት። አንድ ቀን ሳጸዳ ፈታሁት። የቼዝ ጠጠር የሚያህል የእንጨት ማኅተም። ከላይ ዶሮ ተቀርጾበታል፣ መንቁሩ ተሰብሯል። ከታች የአባታቸው ስም ፊደል ተገልብጦ ተቀርጿል። ድሮ ቤት ውስጥ ምድጃ የለም፤ ሊጡ የሰፈር ምድጃ ይሄዳል። የማን ዳቦ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ማኅተም ነው። ከመጋገሩ በፊት ሊጡን ሦስት ጊዜ በቢላ ይሰነጥቁታል፤ ለአብ፣ ለወልድ፣ ለመንፈስ ቅዱስ። እኔ ድፎዬን ስቆርስ አስቀድሜ በመስቀል አማትቤ ነው። ሲኞራዬ ይሄንን ሲያዩ ማኅተሙን ጨርቁን አልብሰው እጄ ላይ አስቀመጡትና መልሰው ወሰዱት። መስጠት አልነበረም፣ ማሳየት ነበር።

የቦሎኛዋ፦

ባዳንቴዬ፣ ምን ብዬ ልመርቅሽ? ለእማዬ በስልክ ሙሉውን አነበብኩላት። በቅሎዋ ጋ ስደርስ «ድገሚልኝ» አለች። አንድ ጥያቄ ብቻ። ጁላይ 2 በዓል አለ የሚሉት ምንድን ነው? በእኛ ሰኔ 25 ይውላል፣ እማዬ ያኔ እዚህ ናት። እንሂድበት?

ባዳንቴዋ፦

ብሩና ነው። ማዶና ዴላ ብሩና፣ የከተማዋ ጠባቂ የሚሏት እመቤታችን። በዓሉ ከ1389 ጀምሮ ይከበራል። ገና ሳይነጋ እረኞች የእመቤታችንን ሥዕል ይዘው ይዞራሉ። ማታ ሐውልቷ በካርቶንና በወረቀት በተሠራ ትልቅ ሠረገላ ትወጣለች፣ በቅሎዎች ይስቡታል። ካቴድራሉ አደባባይ ላይ ሦስት ጊዜ ይዞራል። እንደ ታቦት! የመጀመሪያው ዓመት እልል ልል ስል አፌን ያዝኩት። ሐውልቷ ከወረደች በኋላ ግን ሠረገላውን ወደ ቪቶሪዮ ቬኔቶ አምጥተው ሕዝቡ ይዘርፈዋል። ጎረምሶች ዘለው ወጥተው እጅ፣ ራስ፣ ክንፍ ገንጥለው ይወስዳሉ፤ በረከት ነው ይላሉ። የዓመት ልፋት ነው፣ በደቂቃ ያልቃል። ለሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ይሠሩታል።

ለእናትሽ ግን አይሆንም። ሙቀቱ አለ፣ ግፊያው አለ። አንድ ሳምንት ቀደም በሉና በሥራ ቀን ኑ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጀምሩ፣ ቀትር ላይ ተኙ፣ ማታ መብራት ሲበራ እንደገና ፓስኮሊ ሂዱ።

ቆብ አልባው፦

ደሜ ቀዝቅዟል፣ ልጨምር። ፒያሴታ ፓስኮሊ ላይ ፓላሶ ላንፍራንኪ የሚባል ቤተ መዘክር አለ። ውስጡ የካርሎ ሌቪ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ርዝመቱ ከ18 ሜትር ይበልጣል፣ የዚያን አገር ገበሬ ያሳያል። ሰውዬው የቱሪን ሐኪምና ሠዓሊ ነበር። ፋሺስቶች በ1935 ወደዚያ ክፍለ ሀገር በግዞት ላኩት። የተፈታው መቼ መሰለሽ? በ1936፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባሁ ብሎ ለደስታው ምሕረት ሲያደርግ። የእኛ መያዝ የእሱ መፈታት ሆነ። እኔ ያንን ሳውቅ ሥዕሉ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ወንበርም ስላለው ለጉልበቱ ይሆናል።

የቦሎኛዋ፦

የአርበኛ ልጅ ናት፤ ይሄንን ስነግራት ምን እንደምትል እግዜር ይወቅ። ትኬት ቆርጫለሁ፣ ማክሰኞ ባሪ፣ ረቡዕ ማቴራ። የግራውን መስኮት ይዣለሁ። ያ የዳቦ ማኅተም ገበያ ላይ ይገኛል ግን? የእማዬ ስም በ«አ» ነው የሚጀምረው።

ባዳንቴዋ፦

ይገኛል፤ ሳሲ ውስጥ እንጨት ጠራቢዎቹ ሱቅ ሞልቷል፣ ፊደል ይቀርጹልሻል። ግን «አ»ን አያውቋትም። ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈሽ ሂጂ። ገልብጦ እንዲቀርጸው አደራ፣ መስታወት ላይ እንደምትታየው። አለበለዚያ ድፎው ላይ ዞራ ትወጣለች።